የወረቀት መቁረጫ ማሽን አላችሁ፤ የንድፍ ፕሮግራሙን እንዴት ትመርጣላችሁ?

ደሴ ላይ የጥሪ ካርድ የሚሠራ ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በሠርግ ነው። ጥር ላይ የክርስቲያኑ፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት የሙስሊሙ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በጾሙ ምክንያት ሲጠብቅ የከረመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በእነዚህ ወራት ከቤቴ ጥግ የተቀመጠችው ትንሽ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ከእኔ ብሳ ትደክማለች። በቀረው ጊዜ ስልኬ የሚጠራው ለሌላ ጉዳይ ነው። ከኮምቦልቻም ይሁን ከወልድያ፣ አንዳንዴም ከከሚሴ የሚደውሉልኝ ሰዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ “ማሽኗ መጥታልኛለች፤ የትኛውን ፕሮግራም ልጫን?”

ብዙዎቹ ማሽኑን ያገኙት ከጅዳ ወይም ከዱባይ ከተመለሰች እህት፣ አለዚያም ከአሜሪካ ለበዓል ከመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። መርጠው አልገዙትም፤ ስጦታ ነውና “ሌላ ዓይነት በሆነ” አይባልም። በእጃቸው የቀረው ምርጫ የፕሮግራሙ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ማሽኑን በዳንቴል ሸፍኖ ከቴሌቪዥኑ ጎን ያስቀምጠዋል። እንዲህ ተሸፍነው የቀሩ ሦስት ማሽኖች በዓይኔ አይቻለሁ።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር፦ ስዕሉን የምትሠሩበት ፕሮግራምና ማሽኑን የምታዙበት ፕሮግራም አንድ መሆን የለባቸውም። የመጀመሪያው የእናንተ ነው፤ ሁለተኛው የማሽኑ መልእክተኛ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ከዚህ ሐሳብ ይነሣል።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ ማንን እንደሚሰማ እወቁ

ፕሮግራም ከማውረዳችሁ በፊት ማሽኑን ገልብጣችሁ ስሙንና የሞዴሉን መለያ አንብቡ። እግረ መንገዳችሁን የኃይል መቀየሪያው ላይ የተጻፈውንም እዩ። “100 – 240 ቮልት” ካለ እኛ አገር ባለው 220 ቮልት ይሠራል፤ “120 ቮልት” ብቻ ካለ ሶኬቱ ውስጥ ከመሰካታችሁ በፊት ቮልት ማውረጃ ፈልጉ።

ክሪከት ከሆነ ማሽኑን የሚያዘው የኩባንያው የራሱ ፕሮግራም ዲዛይን ስፔስ ነው። ሌላ ፕሮግራም በቀጥታ አያዘውም። ድሮ ሹር ከትስ አ ሎት የሚባለው ፕሮግራም ያዘው ነበር፤ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የክሪከት ባለቤት ኩባንያ ክስ መሥርቶ ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ያ መንገድ ተዘጋ። ስለዚህ ክሪከት ያለው ሰው “የትኛው ፕሮግራም ይቆርጥልኛል?” ብሎ መጨነቅ አይጠበቅበትም፤ መጨነቅ ያለበት “የትኛው ላይ ልንደፍ?” በሚለው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ዘመድ የሚልከው ማሽን ንድፎች ተጭነውበት በሚሰካ ካርትሪጅ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ከሆነ ዲዛይን ስፔስ አያውቀውም። ለእነዚያ አሮጌ ማሽኖች የነበረው ክራፍት ሩም የተባለው ፕሮግራም በ2018 በሐምሌ ወር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተዘግቷል። ዘመዳችሁ ገና አሜሪካ ካለች የማሽኑን ፎቶ አስልካችሁ አረጋግጡ፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ በኋላ ማረጋገጥ ትርጉም የለውም።

ሲልዌት ከሆነ፣ ካሜዮም ይሁን ፖርትሬት፣ የራሱ ሲልዌት ስቱዲዮ አለው። የመጀመሪያው እርከን ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ዲዛይነር፣ ዲዛይነር ፕላስና ቢዝነስ የሚባሉ የሚከፈልባቸው እርከኖች አሉት። ይህ ማሽን እንደ ክሪከት በር አልዘጋም፤ ሹር ከትስ አ ሎትም ያዘዋል፣ ኢንክስኬፕ ለሚባለው ነፃ የንድፍ ፕሮግራም የተሠራ ተቀጥላም አለ።

ብራዘር ስካንከት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ በላዩ ስካነር ስላለው ወረቀት ላይ በእጅ የተሳለን ነገር አንብቦ ራሱ ይቆርጣል፤ ኮምፒውተር ባይኖርም ሥራ አይቆምም። ካንቫስ ወርክስፔስ የተባለው ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ የተሠራውንም በፍላሽ ወስዶ ማሽኑ ላይ መሰካት ይቻላል።

የማስታወቂያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ከቻይና የሚመጣ፣ ፕሎተር የሚባለው መቁረጫ ከሆነ ደግሞ አብሮት የመጣውን ሲዲ ወይም ፍላሽ አትጣሉ። ማሽኑ የሚሰማው ኤችፒጂኤል የሚባለውን የትእዛዝ ቋንቋ ከሆነ ብዙ ፕሮግራም ያዘዋል።

ደረጃ 2፦ ኢንተርኔት የሌለበትን ቀን አስቡ

ይህን ደረጃ ከውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች ይዘሉታል፤ እኛ መዝለል አንችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ሥራው የቀጠለለትና የቆመበት ሰው የተለየው በፕሮግራሙ ዓይነት ነበር። እኔ ያኔ እሠራበት የነበረው ፕሮግራም በየጊዜው “ግቡ” እያለ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ነበር። ንድፌ የተቀመጠው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ባሕር ማዶ ነበርና ሙሽራው ነገ ካርዱን ሊወስድ ዛሬ እኔ በመቀስ እቆርጥ ነበር። ስልሳ ካርድ በመቀስ! ጣቴ ላይ የወጣው እብጠት ሳይደርቅ ሁለተኛ እንዲህ ላለመያዝ ወሰንኩ።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ከጫናችሁ በኋላ ይህን ፈተና ፈትኑት። የስልካችሁን ዳታ አጥፉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። ፕሮግራሙ ተከፈተ? ትናንት የሠራችሁት ንድፍ አለ? ማሽኑን ያዛል? ሦስቱም ከሆኑ አልፏል። ኢንክስኬፕ ያልፋል፤ ኢንተርኔት መኖሩንም አይጠይቅም። ሲልዌት ስቱዲዮም አንዴ ከተጫነ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ ፋይል ከፍቶ ይቆርጣል። ዲዛይን ስፔስ ከመለያ ስምና ከኢንተርኔት ጋር የተሳሰረ ነው፤ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም አንድን ሥራ ከኢንተርኔት ውጭ እንዲከፈት አድርጎ የማስቀመጥ አማራጭ አለው፣ ግን አማራጩን መብራትና ኔትወርክ ባለበት ቀን፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል። ክሪከት ያላችሁ ይህን ልማድ አድርጉት፤ ካርዱ ነገ የሚቆረጥ ከሆነ ዛሬ ማታ አውርዱት።

መብራቱንም አትርሱ። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን መብራቱም አብሮ የሚጠፋበት ቀን አይጠፋም። ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ካላችሁ ቢያንስ ንድፉን ትጨርሳላችሁ።

ደረጃ 3፦ የሚከፈለውን ከማይከፈለው ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በየወሩ በዶላር የሚከፈል ፕሮግራም ለአብዛኞቻችን አይሆንም። የባንክ ካርዳችን ውጭ አገር የሚከፍል ቢሆን እንኳ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የአንድ ካርድ ዋጋ ስትተምኑ የወር ክፍያውን በብር መገመት ከባድ ሆኗል። አዶቢ ኢሉስትሬተር በጣም ጥሩ ነው፣ የቤት ሥራ ግን አይሸከመውም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ኮረልድሮው በተባለው ፕሮግራም የሠራችሁ ሰዎች እጃችሁ ስለለመደው ትወዱት ይሆናል፤ ፈቃዱ ካላችሁ ቀጥሉበት። በአምስት መቶ ብር በፍላሽ የሚጫነውን የተሰበረ ቅጂ ግን አትመኑት። ቫይረሱን ትቼ፣ ሥራ በበዛበት ሳምንት “ፈቃድህ አልቋል” ብሎ ፋይል አላስቀምጥ ሲል ማንን ትከስሳላችሁ?

የዲዛይን ስፔስ ወርኃዊ ክፍያ የሚከፈለው በዋነኝነት ለተዘጋጁ ስዕሎችና ፊደሎች ነው። የራሳችሁን ንድፍ አስገብቶ መቁረጥ በነፃ ይቻላል። በ2021 በመጋቢት ወር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኩባንያው የማይከፍል ሰው በወር ከ20 በላይ ንድፍ እንዳያስገባ ሊወስን አስቦ ተጠቃሚው ሲያኮርፍ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን አንስቷል። እኔ ከዚያ የያዝኩት ነገር ቢኖር ዋናውን ፋይል ሁልጊዜ ከማሽኑ ፕሮግራም ውጭ ማስቀመጥ ነው።

ሲልዌት ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ነፃው እርከን ዲኤክስኤፍ የተባለውን ፋይል ይከፍታል፣ ፒኤንጂና ጄፔግ ምስሎችንም ይከፍታል። ኤስቪጂ የተባለውን፣ ንድፍን በመስመር የሚያስቀምጠውን ፋይል ለመክፈት ግን ዲዛይነር የተባለው እርከን ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ሰው “አልሠራም አለኝ” ብሎ የሚያዝንበት ቦታ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ በዲኤክስኤፍ አስቀምጡትና ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ የግዕዝ ፊደል ፈተና

ከዚህ በፊት ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ ያለፈ ፕሮግራም እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለእኔ ዋናው ፈተና ይህ ነው።

አንድ ጊዜ ከሐይቅ የመጡ አባት የልጃቸውን የኒካህ ካርድ አዝዘውኝ ነበር። ሽፋኑ ላይ የሙሽሮቹ ስም ተቦርቡሮ እንዲወጣና ከሥሩ ወርቃማ ወረቀት እንዲታይ ተስማማን። ማሽኑ ጨርሶ ወረቀቱን ከተጣበቀበት የመቁረጫ ምንጣፍ ባላቀቅሁት ጊዜ ስህተቱን አላየሁም፤ አጣጥፌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወጡና ረጅም ጊዜ አዩት።

“ልጄ፣ ይህ የማን ስም ነው?”

“የልጅዎ ነው፣ ሐጂ። መሐመድ ይላል።”

“መሐመድማ እንዲህ አይጻፍም። ዓይኑን አጥፍተሽበታል።”

እውነታቸውን ነበር። “መ” ሁለት ዓይን አለው፤ መሐመድ ውስጥ ሁለት “መ” አለና አራት ዓይን ነው። የሙሽራይቱ ሰዓዳ ደግሞ “ዓ” ላይ አንድ ዓይን አላት። ማሽኑ የፊደሉን ውጭም ውስጥም ዙሪያውን ቆርጦ ሲጨርስ የዓይኖቹ ወረቀት ምንጣፉ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። የተረፈው “መ” ሳይሆን ሁለት ጉብታ ያለው ቀዳዳ ነው። ላቲን ፊደልም “ኦ” ድምፅ ያለው ክብ ፊደል አለው፤ የእኛ ግን በብዛትም በዓይነትም ይበልጣል። “ወ” ሁለት ዓይን አለው፣ “ቀ”ና “ፀ”ም ዓይናማ ናቸው፣ በዚያ ላይ አምስተኛው ድምፅ እግሩ ላይ ቀለበት ይጨምራል፤ “ሌ”ን፣ “ሴ”ን፣ “ቤ”ን እዩ። “ደሴ” ብላችሁ ብትቆርጡ የ“ሴ” ቀለበት ይወድቃል።

ስለዚህ የምትመርጡት ፕሮግራም የፊደልን ዓይን ከአካሉ ጋር በድልድይ ማያያዝ መቻል አለበት። ኢንክስኬፕ ላይ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው።

ፊደሉን በመጀመሪያ ምረጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ጥቁር ያለ ብዙ ውፍረት ስላለው ለመቁረጥ የምመርጠው እሱን ነው፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለዓይን ያማረ ነው፣ የብዕር ቅርጹ ግን ወፍራምና ቀጭን ስለሚፈራረቅ ቀጭኑ ቦታ ላይ ወረቀቱ ይቀደዳል። ኒያላም ለማንበብ እንጂ ለምላጭ አልተሠራም። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ በነፃ የሚወርዱ ናቸው። የቆየ የማተሚያ ቤት ፊደል ካላችሁ ደግሞ ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተሠራ ፊደል በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት “መሐመድ” ያላችሁት ነገር የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል።

ስሙን ጽፋችሁ የምትፈልጉትን ስፋት ስጡት። ከዚያ ፓዝ ከሚለው ምናሌ ኦብጀክት ቱ ፓዝ የሚለውን ምረጡ፤ ኮንትሮልና ሺፍት ይዞ ሲን መጫንም ይሆናል። ይህን ስታደርጉ ጽሑፉ ጽሑፍነቱ ይቀርና መስመር ይሆናል። ከእንግዲህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ባይኖርም አይለወጥም፤ አጻጻፉን ማረም ግን አትችሉም፣ ስለዚህ የስም አጻጻፍ በዚህ ሰዓት በስልክ አረጋግጡ። “ሰዓዳ” ነው ወይስ “ሰአዳ”? ሙሽራይቱን ጠይቁ እንጂ አትገምቱ።

አሁን በአራት ማዕዘን መሥሪያው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠባብ ሰረዝ ሥሩና “መ” ላይ በቁም አስቀምጡት፤ የፊደሉን ቅርጽ አቋርጦ ወደ ዓይኑ ይግባ። ሰረዙንና ፊደሉን አብራችሁ መርጣችሁ ፓዝ ከሚለው ምናሌ ዲፈረንስ በሉ። ሰረዙ ያለፈበት ቦታ ከፊደሉ ይቀነሳል፤ ወረቀት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ዓይኑ ከውጭው ወረቀት ጋር ተያይዟል፣ አይወድቅም። ድልድዩን ከላይ ብቻ ካደረጋችሁት ዓይኑ ያወዛውዛል፤ ከላይም ከታችም ስታደርጉት ይጸናል። ልብ በሉ፣ ድልድዮቹ በአንድ ስም ውስጥ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ቢሆኑ ጌጥ ይመስላሉ፤ ወዲያና ወዲህ ከሆኑ ግን ስህተት ይመስላሉ።

ነገሩ የሚገለበጥበት ሥራም አለ። የኬክ ላይ ስም ስትቆርጡ የሚፈለገው ቀዳዳው ሳይሆን ፊደሉ ራሱ ነው። ያን ጊዜ ዓይኑ ቢወድቅ ጥሩ ነው፤ መውደቅም አለበት። ችግሩ የግዕዝ ፊደላት እርስ በርሳቸው አይነካኩም፤ ምንጣፉ ላይ የተበተነ አራት ፊደል ታነሳላችሁ። መፍትሔው ከሥራቸው አንድ ወፍራም መስመር አስምሮ ፊደሎቹ በጥቂቱ እንዲጠልቁበት ማድረግና ሁሉንም መርጦ ዩኒየን ማለት ነው። ዩኒየን ካላላችሁ ማሽኑ ፊደሉን ለብቻ፣ መስመሩን ለብቻ ይቆርጠዋል፤ መገናኛቸው ላይ ይበጥሳቸዋል። ዲዛይን ስፔስ ላይ ይኸው ሥራ ዌልድ ይባላል።

ዐረብኛም ፈትኑ። ወሎ ውስጥ ቢስሚላህ የሌለበት የኒካህ ካርድ ብርቅ ነው። የዐረብኛ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይቀጣጠላልም። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም ፊደሎቹን ነጣጥሎ ወይም በተገላቢጦሽ ያወጣቸዋል፤ ዐረብኛ የማያነብ ሰው ደግሞ ስህተቱን አያየውም። ኢንክስኬፕ በትክክል ያቀጣጥላል። ቢሆንም ከመቁረጣችሁ በፊት ለሚያነብ ሰው አሳዩ፤ ለእኔ ይህን የሚያደርግልኝ የሰፈራችን ልጅ ክፍያው አንድ ስኒ ቡና ነው፣ እሱም አቦል ካልሆነ አይቀበልም።

ደረጃ 5፦ የመጠን ፈተና

አንድ ኤስቪጂ ፋይል ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲሻገር መጠኑ ሊለወጥ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ኢንክስኬፕ አንድን ኢንች በ96 ነጥብ ይለካል፤ ከ0.92 በፊት የነበሩት የራሱ ቅጂዎች በ90 ይለኩ ነበር፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ በ72 ይለካሉ። ፋይሉን የሚቀበለው ፕሮግራም በሌላ ቁጥር ካነበበው ካርዱ ያድጋል ወይም ያንሳል።

ይህን የተማርኩት በ80 ካርድ ነው። 14 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ካርድ ነድፌ፣ ፖስታውን ከገበያ በዚያው ልክ ገዝቼ፣ ማታ ቆርጬ ተኛሁ። ጠዋት ካርዱ ፖስታው ውስጥ አልገባ አለ። ስለካው 18.7 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። ዓይኔ ከካርዱ ሌላ የሚያወዳድረው ነገር ስላልነበረው ማታ ትልቅ መሆኑን አላየሁትም።

አሁን እያንዳንዱ ንድፌ ጥግ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ካሬ አለ። ፋይሉን ማሽኑ ፕሮግራም ውስጥ ካስገባሁ በኋላ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው። 10 ካለ ካሬውን አጥፍቼ እቆርጣለሁ። 13.3 ካለ 96ቱን በ72 አንብቦታል ማለት ነው፤ ንድፉን በሙሉ መርጬ ካሬው 10 እስኪሆን አሳንሰዋለሁ። 10.7 አካባቢ ካለ ደግሞ በ90 ነው ያነበበው። የምትመርጡት ፕሮግራም ስፋትና ቁመትን በሴንቲ ሜትር የምትጽፉበት ሳጥን ከሌለው፣ እንዲሁ በመዳፊት እየጎተቱ የሚገመትበት ከሆነ ተዉት።

ደረጃ 6፦ የመስቀል ፈተና

ዝግጁ ስዕል ከኢንተርኔት ስታወርዱ የምታገኙት በአብዛኛው የውጭ አገር ጽጌረዳና ልብ ነው። የእኛ ደንበኛ የሚጠይቀው ግን የላሊበላ መስቀል፣ ሐረግ፣ ጨረቃና ኮከብ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በእጅ የተሳለን ስዕል ወደ መስመር መለወጥ ይችል እንደሆነ እዩ።

ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ወፍራም ማርከር ሳሉ፤ እርሳስ አይሆንም፣ ግራጫው ያሳስተዋል። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ሳይወድቅበት ከላይ ፎቶ አንሱት። ኢንክስኬፕ ውስጥ አስገብታችሁ ፓዝ ከሚለው ምናሌ ትሬስ ቢትማፕ የሚለውን ክፈቱ። የጥቁርና የነጩን ድንበር የሚወስነውን ቁጥር ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ቅድመ ዕይታውን ተመልከቱ፤ የተበታተኑ ነጥቦችን የሚያጠፋውን አማራጭም አብሩት። ሲጨርስ ፎቶውን አጥፉና መስመሩን ብቻ አስቀሩ። ከዚያ ኮንትሮልና 5ን ተጭናችሁ መስመር ብቻ የሚታይበትን ዕይታ ክፈቱ። ቀለም ባለበት ዕይታ ያማረ መስቀል እዚህ ላይ እንደ እሾህ ቁጥቋጦ ሊታይ ይችላል፤ እያንዳንዱ እሾህ ለማሽኑ አንድ ትንሽ መታጠፊያ ነው፣ ወረቀቱም እዚያ ላይ ይቀደዳል። ኮንትሮልና ኤልን አንድ ጊዜ ተጫኑ፣ መስመሩ ይለሰልሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጫናችሁት ግን የመስቀሉ ጥልፍልፍ ይቀልጣል።

ለመጀመሪያ ሙከራ የቤተ ጊዮርጊስን የጣሪያ መስቀል ምረጡ፤ ቀጥተኛ መስመርና ማዕዘን ብቻ ነው፣ አይከዳም። ጥልፍልፉን የእጅ መስቀል እሱን ከለመዳችሁ በኋላ ሞክሩ። በእኔ ልምድ 250 ግራም ካርድ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የቀጠነ ጥልፍ አይቆምም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ወረቀቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ሁለት ሚሊ ሜትርም ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ይህ ብዙም አይመለከታችሁም፤ 25 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ሙቀቱን ታገኙታላችሁ።

ከመረጣችሁ በኋላ

እኔን ብትጠይቁ፣ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ንድፉን ኢንክስኬፕ ላይ ይሥራ። ክሪከት ያለው በኤስቪጂ አስቀምጦ በዲዛይን ስፔስ ይላክ። ሲልዌት ያለው በዲኤክስኤፍ አስቀምጦ በነፃው ስቱዲዮ ይቁረጥ፤ ሥራው በርክቶ ዲኤክስኤፉ ሲያሰለቸው ዲዛይነር የተባለውን እርከን ይግዛ፣ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ስካንከት ያለው ግን ለጽሑፍ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ በስካነሩ ይሞክር። ስልክ ብቻ ያለው ሰው በስልክ የሚሠራውን የማሽኑን ፕሮግራም ይጠቀም፤ የፊደል ዓይንን በስልክ ላይ ማያያዝ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል፣ ለዚያ ሥራ የሰው ኮምፒውተር ለአንድ ሰዓት ይለምን።

ኢንክስኬፕ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ምናሌው ብዙ ነው፣ የማትነኩትም ይበዛል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የተጠቀምኩት ስድስቱን ብቻ ነበር፦ ጽሑፍ፣ አራት ማዕዘን፣ ኦብጀክት ቱ ፓዝ፣ ዩኒየን፣ ዲፈረንስ እና ትሬስ ቢትማፕ። ዛሬም ከዘጠኝ አልበለጡም።

ኔትወርክ ደህና በሆነበት ቀን የፕሮግራሙን ጫኚ፣ የፊደሎቹን ፋይልና ኮምፒውተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባውን የሞዴላችሁን ድራይቨር አውርዳችሁ አንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ በግማሽ ሰዓት ትጭናላችሁ። ፍላሹን ማሽኑ ካለበት መሳቢያ ውስጥ አታድርጉት፤ የእኔው እናቴ ቤት፣ ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነው።